የመጀመሪያውን ፕላቲነም በየትኛው ጌም? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጫዋቾች የንጽጽር መመሪያ

ፕላቲነም፣ ማለትም የፕሌይስቴሽን ጌም የሚሰጠውን ከፍተኛ ዋንጫ፣ ለማውጣት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ጌም ይቀላል?» ብሎ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ግን ከዚህ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። የምትጫወቱት በራሳችሁ ኮንሶል ነው ወይስ ጌም ቤት ውስጥ በሰዓት እየከፈላችሁ? መብራት ድንገት ሲጠፋ ምን ያህል ልፋት ይዞባችሁ ይሄዳል? ጌሙ ያለ ኢንተርኔት እስከ መጨረሻው ይጨረሳል? አንድ ዋንጫ ካመለጣችሁ ተመልሳችሁ ትወስዱታላችሁ ወይስ ጌሙን እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ «ይህ ቀላል ነው፣ ያ ከባድ ነው» የሚል ምክር ብዙም አይጠቅምም። ምክሩን ከውጭ የሚጽፉልን ተጫዋቾች ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት ጥቅል ሳያስቡ ነው የሚጽፉት።

የማወዳድረው ስድስት የአክሽን ጌሞችን ነው፦ ስፓይደርማን፣ ጎስት ኦፍ ትሱሺማ፣ ጎድ ኦፍ ዋር፣ ሰኪሮ፣ ብለድቦርን እና ኤልደን ሪንግ። ጎድ ኦፍ ዋር ስል በ2018 የወጣውን፣ ክራቶስ ከልጁ ከአትሬየስ ጋር የሚጓዝበትን ማለቴ ነው። ስድስቱም በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ይሠራሉ፤ የስድስቱም ፕላቲነም ያለ ኢንተርኔት ይወጣል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው በአጭሩ ልንገር። ሶኒ ዋንጫዎችን የጀመረው በ2008 በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ነው። የነሐስ ዋንጫ 15፣ የብር 30፣ የወርቅ 90 ነጥብ ያስገኛል፤ ፕላቲነም ደግሞ 300። የፕላቲነም ነጥብ እስከ 2020 ድረስ 180 ብቻ ነበር። ፕላቲነሙ የዋናውን ጌም ሌሎች ዋንጫዎች በሙሉ ስትሰበስቡ ራሱ ይመጣል። በኋላ የወጡ ተጨማሪ ክፍሎች፣ ለምሳሌ የጎስት ኦፍ ትሱሺማ የኢኪ ደሴት ወይም የብለድቦርን ኦልድ ሀንተርስ፣ የራሳቸው ዋንጫ ቢኖራቸውም ለፕላቲነሙ አይቆጠሩም። ስለዚህ ተጨማሪ ክፍል የሌለው ያገለገለ ሲዲ ብትገዙ ለዚህ ዓላማ ምንም አይጎድልባችሁም።

ከጌሙ በፊት ኮንሶሉን እዩ

ዋንጫ የእናንተ የሚሆነው በራሳችሁ አካውንት ላይ ሲመዘገብ ነው። ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ከደከሙ በኋላ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ኮንሶሉ የተቀዱ ጌሞችን እንዲያጫውት ጄልብሬክ የተደረገ ከሆነ ከሶኒ ኔትወርክ ጋር መገናኘት የለበትም፤ ከተገናኘ ሊታገድ ይችላል። እዚያ ላይ ያወጣችሁት ዋንጫ እዚያው ማሽን ላይ ይቀራል፣ አካውንታችሁም ላይ አይታይም። ጌም ቤት ስትገቡ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሃምሳ ጌም ተደርድሮ ካያችሁና አንድም ሲዲ በአካባቢው ከሌለ ባለቤቱን ጠይቁት። ለመዝናናት ከሆነ ችግር የለውም፤ ለፕላቲነም ግን ከዚያ ኮንሶል ተነሱ።

አካውንት ስትከፍቱ ከአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አታገኟትም፤ ሰው ሁሉ የሌላ አገር መርጦ ነው የሚከፍተው። የተመረጠው አገር በኋላ አይለወጥም፣ የመግዣ ካርዶችም የሚሠሩት በዚያው አገር አካውንት ላይ ብቻ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሳዑዲ ወይም ዱባይ እህት ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ካርድ ሊልክላችሁ የሚችል ዘመድ ያለበትን አገር መምረጥ አሜሪካን በደፈናው ከመምረጥ በብዙ ይሻላል።

ዋንጫው ኢንተርኔት ሳይኖርም ይመዘገባል። በኋላ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ወደ አካውንታችሁ ታስተላልፉታላችሁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዳታ ትንሽ ነው። ዳታ የሚጨርሰው ኮንሶሉ ልክ እንደተገናኘ ሳይጠይቅ ማውረድ የሚጀምረው የጌሞች ማሻሻያ ነው፤ አንዱ ብቻ ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። ሆትስፖቱን ከመክፈታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶማቲክ ዳውንሎድን አጥፉ።

በጭራሽ የማትጀምሯቸው

ጂቲኤ ፋይቭን በየጌም ቤቱ ታገኙታላችሁ፣ ሁሉም ይወደዋል። ፕላቲነሙ ግን በኦንላይን ክፍሉ ደረጃ 100 ላይ መድረስን ይጠይቃል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ደግሞ በታሪኩ ክፍል 70 የወርቅ ሜዳሊያ ካስለቀማችሁ በኋላ በኦንላይኑ ደረጃ 50 ድረሱ ይላችኋል። ሁለቱም በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያና የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋሉ። በሞባይል ዳታ ይህን መሞከር ገንዘብ ማቃጠል ነው። በፕሌይስቴሽን 3 ያለው አሳሲንስ ክሪድ ብራዘርሁድ የባሰ ነው፤ ዩቢሶፍት ሰርቨሩን በ2022 ስለዘጋው የኦንላይን ዋንጫዎቹን ከእንግዲህ የሚያወጣ አዲስ ሰው አይኖርም። ሲዲው በርካሽ ቢቀርብላችሁ ለታሪኩ ብቻ ግዙት።

በሰዓት ለምትከፍሉ፦ ስፓይደርማን ወይስ ጎስት ኦፍ ትሱሺማ?

ጌም ቤት የሚጫወት ሰው የሚመዝነው ነገር ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሞት፣ እያንዳንዱ የመጫኛ ስክሪን ሂሳብ አለው። ስለዚህ የዚህ ተጫዋች ምርጫ በእነዚህ ሁለት መካከል ነው፤ ሌሎቹን ለራሱ ኮንሶል ይተዋቸው።

ስፓይደርማን በ2018 የወጣ ሲሆን በግምት ከ25 እስከ 35 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፕላቲነሙን ይሰጣል። ምንም የሚያመልጥ ዋንጫ የለውም፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላም ከተማው ክፍት ነው። በየትኛውም የክብደት ደረጃ ብትጫወቱ ዋንጫው ያው ነው። 55 ቦርሳዎችን መልቀም፣ ሁሉንም ልብሶች መግዛት፣ በየሰፈሩ ወንጀል ማስቆም ነው ሥራው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ቁርጥራጭ ሥራ የሞላበት ስለሆነ ለጌም ቤት ይመቻል፤ ዛሬ አንድ ሰፈር፣ ነገ ሌላ ሰፈር። መጨረሻው ላይ ወንጀል ማስቆሙ ይደጋገማል፣ ያሰለቻልም። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ጎስት ኦፍ ትሱሺማ በርዝመት እጥፍ ገደማ ነው፤ ከ50 ሰዓት በታች ማውጣት ይከብዳል። ታሪኩ በ1274 ሞንጎሎች የጃፓኗን ትሱሺማ ደሴት በወረሩ ጊዜ የሚካሄድ ነው። በሰዓት ለሚከፍል ሰው ሁለት ትልቅ ጥቅሞች አሉት። የመጀመሪያው መጫኛው በጣም ፈጣን መሆኑ ነው፤ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንኳ ከካርታው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስትዘሉ የሚያስጠብቃችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። የምትፈልጉትን ዕቃ ከመረጣችሁ በኋላ ነፋስ ወደዚያ አቅጣጫ ሣሩን እያጎነበሰ ይመራችኋል። በስልክ ካርታ እያያችሁ «ይህን ወስጃለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» እያላችሁ የምታባክኑት ደቂቃ አይኖርም። ይህ ነፋስ ከየትኛውም ጌም የመልቀሚያ ዘዴ የበለጠ ብልህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መፈለግን ራሱን ጨዋታ አድርጎታል።

ገንዘቡ ለሚያሳስበው ስፓይደርማን ይበልጣል። ጌም ቤቱ የዘመድ ወይም የጓደኛ ከሆነና ስለ ሰዓቱ ካልተጨነቃችሁ ጎስትን ምረጡ፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚታወሰው እሱ ነው። በሁለቱም ላይ የራሳችሁን አካውንት አስከፍቱ። የተቀመጠውንም ጨዋታ በፍላሽ ገልብጣችሁ ያዙ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ይህን ይፈቅዳል፣ ፋይሉም የሚከፈተው በእናንተ አካውንት ብቻ ነው። ሰዓታችሁ ሊያልቅ ሲል «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይጨምሩልኝ፣ ሴቭ አድርጌ ልውጣ» ማለት ነውር የለውም፤ ጌም ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

ኮንሶል ቤቱ ላለው፦ ጎድ ኦፍ ዋር

የራሱ ኮንሶል ላለውና የመጀመሪያ ፕላቲነሙን ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከስፓይደርማን ይከብዳል፣ ይረዝማልም፤ ከ35 እስከ 50 ሰዓት ያዙለት። የምመርጠው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ዋንጫዎቹ ጌሙን በአግባቡ እንድታውቁት ስለሚያስገድዷችሁ ነው። ስፓይደርማንን ጨርሳችሁ እጃችሁ ያው ሊሆን ይችላል። ጎድ ኦፍ ዋርን ስትጨርሱ ግን የተሻለ ተጫዋች ሆናችሁ ትነሳላችሁ።

ለእኛ መብራትም ይስማማል። ከውጊያ ውጭ በፈለጋችሁበት ጊዜ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ጌሙ ራሱም በየመሀሉ ያስቀምጣል። የሚያመልጥ ዋንጫ የለውም፤ ታሪኩ ካበቃ በኋላ ወደ ቀረው ሁሉ ትመለሳላችሁ። የክብደት ደረጃ አይጠይቅም። ስትጀምሩ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ ከመረጣችሁ በኋላ መቀየር አይቻልም። ከሱ በታች ያሉትን ሦስቱን በማንኛውም ሰዓት መቀያየር ይቻላል። ለፕላቲነም ልዩነት ስለሌለው ከመካከለኛው ጀምሩ።

ሦስት ቦታ ላይ ትያዛላችሁ። አንደኛው የኦዲን ቁራዎች ናቸው፤ 51 ናቸው፣ አረንጓዴ ብርሃን እየረጩ በየጥጉ ይቀመጣሉ ወይም ይዞራሉ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሆናችሁ የቦታዎቹን ሥዕል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ በየሰፈሩም ስንት እንደቀረ የጌሙ ካርታ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ኒፍልሃይም ነው። ጭጋጉ እየመረዛችሁ፣ ክፍሎቹ በየጊዜው ቦታ እየቀያየሩ ሀብት ትሰበስባላችሁ፤ ሳትወጡ ከሞታችሁ የሰበሰባችሁት ይጠፋል። ስግብግብነት የሚቀጣበት ቦታ ነው። ሁለት ሦስት ክፍል ከፍታችሁ ውጡ፣ አስቀምጡ፣ እንደገና ግቡ። ይህ አካሄድ ክረምት ላይ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር መብራት ለሚጠፋበት ምሽትም ይበጃል።

ሦስተኛው ቫልኪሪ የተባሉት ዘጠኙ ክንፋም ሴት ተዋጊዎች ናቸው። ስምንቱን አንድ በአንድ ታሸንፋላችሁ፣ ከዚያ ንግሥታቸው ሲግሩን ትመጣለች። የዚህ ጌም ፕላቲነም ማለት በእውነቱ እሷ ናት። የስምንቱን ጥቃት በሙሉ እያቀላቀለች ትጠቀማለች፤ ስለዚህ ስምንቱን በዕድል ያሸነፈ ሰው እዚህ ይጋለጣል። ቀይ ክብ ሲበራ ጋሻ አይሠራም፣ መሸሽ ብቻ ነው። ቢጫ ሲሆን ዝም ብሎ ጋሻ ይዞ መቆም መከላከያችሁን ያሰብረዋል። ወደ ላይ ወጥታ «ቫልሃላ!» ብላ ስትጮህ በእግሯ ልትረግጣችሁ እየወረደች ነው፤ ጩኸቱን ሰምታችሁ ወደ ጎን ተንከባለሉ። ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አታንሱ፣ ጆሯችሁንም ክፍት አድርጉ፤ ብዙዎቹ ጥቃቶቿ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ስለዚህ ለዚህች ውጊያ ቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶ መጫወት አይሆንም። ቤተሰብ ተኝቶ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ጆይስቲኩ ላይ ይሰካል። ውጊያው ራሱ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ የምታጡት አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

ከኒፍልሃይምና ሙስፐልሃይም ከተባለው ሌላው የጌሙ ዓለም ያገኛችሁትን ትጥቅ ሳታሟሉ ወደ እሷ አትሂዱ። ካቃታችሁም ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አያሳፍርም፤ በዝቅተኛውም ቢሆን አሠልጥና ነው የምትለቅቃችሁ።

ሁለተኛ ፕላቲነም ለሚፈልጉ፦ ሰኪሮ፣ ብለድቦርን፣ ኤልደን ሪንግ

ሦስቱም ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፣ ሦስቱም የክብደት ደረጃ መምረጫ የላቸውም። ብዙ ሰው በአንድ ዓይነት ይመለከታቸዋል። ዋንጫ ለሚሰበስብ ሰው ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ሰኪሮ በ2019 ወጣ። ከሦስቱ በቀጥታ ማቆም የሚቻለው እሱ ብቻ ነው፤ እናታችሁ ለቡና ሲጠሯችሁ ጨዋታውን ማስቆም ትችላላችሁ። በብለድቦርንና በኤልደን ሪንግ ሜኑ ብትከፍቱም ጠላት መምታቱን አይተውም። ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሰኪሮ ውጊያ መሸሽን አይወድም። የጠላት ሰይፍ ልክ ሊያርፍ ሲል መከላከያውን ትጫናላችሁ፣ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ የጠላት ሚዛን እየተናጋ ይሄዳል። ሚዛኑ ፈጽሞ ሲናጋ አንድ ምት ይበቃል። አሸናፊው ወደ ኋላ የሚሸሸው ሳይሆን ቆሞ የሚመክተው ነው። ይህ በጣት ፍጥነት የሚወሰን ስለሆነ ለደሴ ልጆች አንድ ምክር አለኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ በትንሹ ይዘገያል፣ ያ መዘግየት በሰኪሮ ሞት ነው። ከባድ አለቆችን (በየምዕራፉ የሚጠብቁ ትልልቅ ጠላቶችን) ቀን ላይ ግጠሙ፣ ማታውን ለመልቀምና ልምድ ለማከማቸት ተዉት። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ይህ አያሳስበውም፤ የእሱ ጭንቀት ሙቀቱ ነው። የኮንሶሉን ጀርባ ከግድግዳ አርቁ፣ የቴሌቪዥን ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ መጮህ ከጀመረ ከፍታችሁ አቧራውን አስጠርጉ።

በዋንጫ በኩል ሰኪሮ አራት መጨረሻዎች አሉት፣ ለእያንዳንዱም ዋንጫ አለ። ጉጉት የተባለው አሳዳጊ አባት በቤተ መንግሥቱ አናት ላይ «ከእኔ ጋር ሁን» ብሎ ሲጠይቃችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ እሺ ካላችሁት ጌሙ እዚያው ያልቃል። ከመመለሳችሁ በፊት የተቀመጠውን ጨዋታ በፍላሽ ገልብጡ። እሺ ብላችሁ ያንን መጨረሻ ውሰዱ፣ ከዚያ የገለበጣችሁትን መልሳችሁ በሌላኛው መንገድ ቀጥሉ። ብዙ ሰዓት ይተርፋችኋል። በፕሌይስቴሽን 5 ለምትጫወቱም የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ስለሆነ ወደ ፍላሽ መገልበጡ ይሠራል። የሚያሰለቸው ክፍል ሁሉንም ክህሎቶች የመክፈቱ ዋንጫ ነው፤ ልምድ ለማከማቸት ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መዞር ይጠይቃል። ስትሞቱ ከተጠራቀመው ልምድ ግማሹ ስለሚጠፋ፣ አንድ ነጥብ ሞልታችሁ ካልሆነ ወደ አለቃ አትግቡ።

ብለድቦርን የ2015 ሥራ ነው፣ እኔም ከሦስቱ አብልጬ የምወደው ነው። ሁለተኛ ፕላቲነም አድርጋችሁ እንድትመርጡት ግን አልመክርም። ከሞት በኋላ የሚያስጠብቀው መጫኛ ረጅም ነው። ከሦስቱ መጨረሻዎች አንዱ ሦስት የእምብርት ቁራጮችን ቀድሞ ማግኘትና መጠቀም ስለሚፈልግ በቀላሉ ያመልጣል። ከታሪኩ ውጭ ያለውን የዋሻ ሰንሰለት እስከ ንግሥት ያርናም ድረስ መውረድ ግዴታ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለው የረከሰው ጽዋ ጤናችሁን በግማሽ ቀንሶ ነው የሚያጋጥማችሁ። ሌላ ምንም የማያቆመው ሰው ብቻ ይግባበት።

ኤልደን ሪንግ ከስድስቱ ረጅሙ ነው፤ 70 ሰዓት ቢያንስ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያም በላይ። ነገር ግን አንድ አለቃ ሲያቅታችሁ ትታችሁ ሌላ አገር ትዞራላችሁ፣ ጠንክራችሁ ትመለሳላችሁ። ይህ ነፃነት ከሰኪሮ ይልቅ ይቅር ባይ ያደርገዋል። የሦስት መጨረሻዎች ዋንጫ አለው፣ ከመጨረሻው ምርጫ በፊት የተቀመጠውን ጨዋታ መገልበጥ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ በፕሌይስቴሽን 5 የሚጫወት ሰው የፕሌይስቴሽን 5ን ቅጂ ከተጠቀመ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይችልም፣ ያለው አማራጭ የሚከፈልበት የደመና ማስቀመጫ ነው። የሚያመልጥም አለው። የግራንሳክስ መብረቅ የተባለው ጦር ለዋንጫ ከሚሰበሰቡት ዘጠኝ ታዋቂ መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ አመድ ከመሆኗ በፊት ካልተወሰደ በዚያ ጉዞ አይገኝም። ማሊከት የተባለውን አለቃ ከመግጠማችሁ በፊት ዋና ከተማዋን ሌይንዴልን አንድ ጊዜ አጥባችሁ ዙሩ።

ትምህርት ላይ ላለ ሰው ኤልደን ሪንግን ከሐምሌ በፊት መጀመር አልመክርም። ሰኪሮ ግን በሳምንት መጨረሻ እየተቆራረሰም ይሄዳል። ስለዚህ ከጎድ ኦፍ ዋር ቀጥሎ ሰኪሮ፣ ለክረምት ዕረፍት ኤልደን ሪንግ፣ ብለድቦርን ደግሞ ሁለቱንም ለጨረሰ።

መብራትን በተመለከተ የቀረ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ ጌሞች ብዙዎቹ በየጊዜው ራሳቸው ስለሚያስቀምጡ የምታጡት ጥቂት ነው። አደጋው መብራቱ በማስቀመጥ ላይ እያለ ሲጠፋ ፋይሉ የሚበላሽበት አጋጣሚ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ብትገዙ ጨዋታ ለመቀጠል ሳይሆን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ያ ካልተቻለ በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ የተቀመጠ ጨዋታ ፋይል ትንሽ ነው፣ የቤት ሥራ የምትይዙበት ፍላሽም ይበቃዋል።